የብርቱካንን በር የያዝኩ ቀን

ከደባት የወጣሁት መዳፌ ቀይ ሆኖ ነው። የጎረቤታችን ልጅ የእንሶስላ ማታ ነበረና ከበሮ አንግቼ ስመታ አመሸሁ፤ ሴቶቹ ዘፈኑ ረገብ ባለ ቁጥር እጄን እየሳቡ እንሶስላውን ይለቀልቁኛል። "ቀጥሎ አንቺ ነሽ" ይሉኛል። የእኔ ልብ ግን ከአጥሩ ውጭ ነው፤ እስከ መተማ ሊያደርሰኝ ቃል የገባው የእህል መኪና ላይ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ሲነፋ ከበሮውን ከአንገቴ አውልቄ ለጓደኛዬ ለሙሉ አንገቷ ላይ አጠለቅኩላትና ውሃ ሊጠጣ እንደሚሄድ ሰው ወጣሁ። እናቴና ታላቅ እህቴ እታበባ ያውቃሉ። ሌላ ሰው አያውቅም፤ ያኔ "ሱዳን ልሄድ ነው" ያለች ልጅ መንገዱ ሳይገድላት ምክሩ ይገድላት ነበር። መኪናው ሲነሳ ሙሉ ስትመታ ይሰማኛል። አንድ ሁለት ቦታ ሳተች። ከጆንያው ላይ ሆኜ "ኧረ ግራ እጅሽን!" ብዬ ጮህኩ። ስደቴ የተጀመረው እንዲህ ባለ ቁም ነገር ነው።

መተማ ላይ አንድ የኬላ ጠባቂ መዳፌን አየና አስቆመኝ።

"ሙሽራ ነሽ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ባልሽ የታለ?"

"ቀድሞኝ ሄዷል። ገዳሪፍ ይጠብቀኛል።"

"ሙሽራውን ጥሎ ቀድሞ የሚሄድ ምን ዓይነት ወንድ ነው?"

"እኔም እሱኑ ልጠይቀው ነው የምሄደው" ስለው ሳቁ መጣበትና አሳለፈኝ።

ገዳሪፍ የጠበቀኝ ሙቀቱ ብቻ ነው። እኛ ደባት ላይ ፀሐይን እንደ እንግዳ ነው የምንቀበላት፤ ወጣ ብለን፣ ግድግዳ ተደግፈን። ገዳሪፍ ላይ ፀሐይዋ የቤቱ ባለቤት ናት፤ ተከራዩ እናንተ ናችሁ። እዚያ ሻይ ሸጥኩ። በኋላ ካርቱም ገባሁና የአንድ ጀርመናዊ ቤተሰብ ልጆች መጠበቅ ጀመርኩ። ሰዎቹ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ጊዜ ሲደርስ ልጆቹ "ያለ የሺ አንሄድም" ብለው አለቀሱ። ማልቀስ ያለባቸው መቼ እንደሆነ ደህና አድርጌ ነግሬያቸው ነበር። እንዲህ ሆኜ ፍራንክፈርት ገባሁ።

ለአገሬ ሰው ስለ ጀርመኖች መጀመሪያ የምነግረው ነገር ዘመዶቻችን መሆናቸውን ነው። የሚኖሩት በገብስና በድንች ነው። ገብሱን ይጠጡታል፤ ድንቹን ካርቶፈል ይሉታል። አንደኛው ቢራቸው ድፍርስ ነው፤ መጀመሪያ የቀመስኩት ቀን የአገሬ የገብስ መጠጥ፣ ኮረፌ፣ መስሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልዩነቱ እኛ ኮረፌ ሲደርስ ጎረቤት እንጠራለን፣ እነሱ ቢራ ሲከፍቱ በር ይዘጋሉ። ድንቹንም ከቀቀሉት በኋላ ያቀዘቅዙታል፤ ከዚያ ነጭ ነገር ቀብተው ለክቡር እንግዳ ያቀርቡታል። ደባርቅ ላይ እንዲህ ያለ ድንች ለእንግዳ ብታቀርቡ ሽማግሌ ይላክባችኋል።

እያደር ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የጤፍ ዱቄት፣ የፀጉር ቅባት፣ ዊግ። ጀርመኑ በርበሬውን ያሸትና "ሻርፍ?" ይለኛል፤ ያቃጥላል ወይ ማለቱ ነው። "ትንሽ" እላለሁ። በማግስቱ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። ነጋዴ ሁለቱንም ማክበር አለበት። አገባሁ፣ ፈታሁ፣ አንዲት ልጅ ቀረችልኝ፤ ሣራ። አሁን የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ስትናደድ ብቻ ጀርመንኛ ይሆናል።

ከበሮ ግን አልነበረኝም። እናቴ ያረፈች ጊዜ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ነው ጎንደር ላይ አንድ የገዛሁት። የሐዘን ጉዞ ስለነበር አንድ ጊዜ እንኳ አልመታሁትም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ፈታሽ አነሳችና ነቀነቀችው። ውስጡ ኳ ኳ አለ።

"ውስጡ ምን አለ?"

"ጠጠር።"

"ለምን?"

"የሠራው ሰው ነው የከተተው።"

"ጠጠሩ ምን ይሠራል?"

"እንዳሁኑ ኳ ኳ ይላል።"

ሦስት ሆነው ተመካከሩ። ውሻ ተጠራ። ውሻው ዞር ዞር ብሎ አሸተተና ቆዳውን በምላሱ ላሰው። ወገኖቼ፣ በዚያ አገር ከበሮዬን መጀመሪያ የወደደልኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሄር ክሩገር፣ በእኛ አቶ ክሩገር፣ ነው፤ የሕንፃችን ሀውስማይስተር። ሀውስማይስተር ማለት የሕንፃው ጠባቂም፣ ዳኛም፣ የቆሻሻ ገንዳ ሚኒስትርም የሆነ ሰው ነው። የከበሮዬ ቆዳ ከነጠጉሩ ነበር፤ ቡራቡሬ። ደረጃው ላይ አየውና ቆመ።

"ፍራው የሺ፣ ውሉ ላይ እንስሳ አይፈቀድም ይላል።"

"ሄር ክሩገር፣ ላሚቱ ሞታለች።"

"መቼ?"

"እኔ ሳላውቃት።"

አዘነልኝ መሰለኝ፣ አንገቱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ምን እንደሆነ ጠየቀኝና ከበሮ መሆኑን ስነግረው ከሞተችው ላም ይልቅ ይኼ አስደነገጠው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። ሩሄሳይት ይባላል፤ የጸጥታ ሰዓት። ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ጸጥታ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ፤ እሁድ ቀኑን ሙሉ ጸጥታ።

"ታዲያ ከበሮ የሚመታው መቼ ነው?" አልኩት።

አሰበ። እውነቱን ልናገር፣ በቅን ልቡ ነው ያሰበው። "ማክሰኞ ጠዋት" አለኝ።

"ማክሰኞ ጠዋት እኔ ሱቅ ነኝ።"

"እንግዲያው ችግር የለም!" አለ፣ ደስ ብሎት።

ቢሆንም ሞከርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት አንግቼ ገና ማሟሟቅ ስጀምር ከታች ያለችው ሴትዮ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ታንኳኳለች። እቆማለሁ። ሌላ ቀን ሌላ ሰዓት እሞክራለሁ፤ ከጎን ያለው ሰውዬ ግድግዳውን ያንኳኳል። እቆማለሁ። ላበሻ ሰርግ አዳራሽ ስንከራይ ደግሞ የአዳራሹ ዘበኛ በሩን ያንኳኳና ሰዓቱን ያሳየናል። እንቆማለን። ቀስ በቀስ ትራስ ላይ በጣት ጫፍ መምታት ተማርኩ፤ ከዚያ ትራሱንም ተውኩት። ከበሮው መስኮት ሥር ቆሞ የአበባ ማስቀመጫ ሆነ። ሣራ ልጅ ሳለች ቤታችንን ስትስል እሱን የምትስለው አራት እግር አድርጋለት ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ዘንድሮ ከጥምቀት በፊት የእታበባ ስልክ ሲመጣ እጄ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው።

"የሽዬ፣ ብርቱካን ልታገባ ነው" አለችኝ። ብርቱካን የመጨረሻ ልጇ ናት። "ለደባርቅ ሰው ነው የሰጠናት። ሰርጉ ጥር ላይ ነው።"

"እልል! ሞንታርቦ ተከራያችሁ?"

"ሞንታርቦ በር ይይዛል? በሩን የምትይዢው አንቺ ነሽ።"

"እታበባ፣ እኔ እኮ እጄን ለቅቄ ከመታሁ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ።"

"ታዲያ አልደከመሽማ" ብላ ዘጋችው።

ለፍራንክፈርት ልጆች ላስረዳ። በእኛ ሰፈር የወንዱ ወገን ሙሽራዋን ሊወስድ ሲመጣ የሴቷ ወገን በር ይዘጋል። ከውስጥ ከበሮ አለ፣ ከውጭም ከበሮ አለ። እየተሰዳደቡ ይዘፍናሉ፤ ሰርገኛው በሩን ያንኳኳል፣ ይለምናል፣ ሽቶ ይረጫል። የውስጡ ከበሮ እስካልቆመ ድረስ በሩ አይከፈትም፤ የውስጡ ከበሮ ከቆመ ግን "እሺ ግቡ" ማለት ነው። በሩ ቶሎ የተከፈተባት ሙሽራ ወዮላት። አማቶቿ በጨው ጉዳይ ቢጣሉ እንኳ "እኛ አንዴ አንኳኩተን ብቻ ነው ያገኘንሽ" ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ። እንግዲህ እታበባ ያሸከመችኝ ይህን ነው፤ የልጅቷን ዕድሜ ሙሉ።

ከጎንደር ሚኒባስ ስሳፈር ፍራንክፈርት እንደለመድኩት ሰልፍ ፈልጌ ቆምኩ። ሰልፉ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌላው ሰው በመስኮት ገብቶ ጨርሷል። ኮሶዬ ላይ ገደሉ ብቅ ሲል መኪናው ሙሉ ሰው ሲያወራ እኔ ብቻ መስታወቱ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ "ገደል አይተሽ አታውቂም ልጄ?" አሉኝ። "አይ አባባ፣ እኔ ያለሁበት አገር ሜዳ ነው፤ ቢወድቁ እንኳ የትም አይደርሱም" አልኳቸው። "አቤት መታደል" አሉ።

ደባት ስደርስ ዳሱ እየተሠራ ነበር። እታበባ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ከበሮ አመጣችና ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ አስደገፈችው፤ ቆዳው እንዲወጠር። ጥር ላይ ደባት ጠዋት ጠዋት ከበሮው እንደ ሰው ነው፤ ፀሐይ ካልነካው አይናገርም። ሲሞቅ አንግቼ ጀመርኩ። ሴቶቹ ተሰበሰቡ፣ አጨበጨቡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጭብጨባቸው ቀነሰ።

"እቴ" አለች አንዷ፣ "ምን እያባበልሽው ነው? ታሟል እንዴ?"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እጄ ምቱን አልረሳም፤ እያንዳንዱን ያውቀዋል። ድምፁን ነው የረሳው። መዳፌ ቆዳው ላይ ሊያርፍ ሲል በራሱ ይለዝባል፤ ልክ ከታች ያለችው ሴትዮ ደባት ድረስ ተከትላኝ የመጣች ይመስል። ሦስት ቀን ከአጥሩ ጀርባ እየወጣሁ ለበጎቹ መታሁላቸው። በሦስተኛው ቀን በጎቹ ሸሹ። "ጎሽ፣ ደርሰሻል" አለች እታበባ።

የሰርጉ ቀን እንዲህ ሆነ። ብርቱካን ውስጥ ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች፤ እኔ ከቆርቆሮው በር ጀርባ ሴቶቼን አሰልፌ ቆሜአለሁ። ከአስፋልቱ በኩል የደባርቆቹ ከበሮ ተሰማ። ሦስት ምት እንደሰማሁ ነው ያወቅኋት። ሙሉ! ደባርቅ ተድራ እንደቀረች ሰምቼ ነበር፤ የወንዱ ወገን ዘፈን አውጪ መሆኗን ግን ማንም አልነገረኝም። ግራ እጇ ተስተካክሏል፤ ተስተካክሏል ስላችሁ፣ በሩን ነው የሚያነቃንቀው። እሷም ማን ከውስጥ እንዳለ ተነግሯት ነው የመጣችው፤ መጀመሪያ ያወጣችው ግጥም ይኸው፦

ጀርመን አገር ሄዶ የከረመው እጅሽ፣
ከበሮ ነው ወይስ ሕፃን ነው ያቀፍሽ?

ውጭው በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልናገር፣ ውስጡም። እኔ ግን አልተበገርኩም፤ መለስኩላት፦

ከደባርቅ መጥቶ ደጁ ላይ የቆመው፣
ብርድ ነው ወይ ፍቅር እንዲህ ነው የሚያመው?

እልልታው ቀለጠ። ደሜ ሞቀ። ሴቶቼ ተቀበሉኝ፤ ከበሮው ይጮሃል፣ እጄም ነቅቷል፤ ምንም አልቀረኝም ብዬ በሆዴ መንጠባረር ስጀምር አንዱ ሚዜ በቀለበቱ ቆርቆሮውን ኳ! ኳ! ኳ! አደረገው።

እጄ ቆመ።

እኔ አይደለሁም ያቆምኩት። እጄ ነው፤ ራሱ። አፌ ደግሞ ባሰ፤ ያን ሁሉ ሰው ባለበት "ኤንትሹልዲጉንግ!" አለ። ይቅርታ ማለቱ ነው፤ ለጎረቤት።

ከበሮው ዝም ሲል በሩ አጠገብ የነበሩት ልጆች ደንቡ ነውና ከፈቱት። ደባርቆቹ ትከሻቸውን ለግፊያ አዘጋጅተው ነበርና የሚገፉት ሲያጡ እላያችን ላይ ተደፉ። የሽቶ ጠርሙስ ተሰበረ። ሙሽራው ጀርባውን ሰጥቶ ከሚዜው ጋር ያወራ ስለነበር የኋሊት ነው የገባው። ከዚያ ሁሉም ሰው ግቢው መሃል ቆመ። የእታበባን ፊት ለማየት አልደፈርኩም። ከውስጥ የብርቱካን ድምፅ ተሰማ፦ "ገቡ እንዴ? ሳይያዙ?"

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ሙሉ ናት። ከነከበሮዋ ሰው እየገፋች መጣችና ፊቴ ቆመች።

"አንቺ የሺ! ምን ሆነሽ ነው? ሞተሽ ነው?"

"አንኳኩ" አልኳት።

"ታዲያ ሰርገኛ ምን ያድርግ፣ ይደውል? እኔ ሙሉ ሳምንት ስድብ ስገጥም ከርሜ፣ አንዷን ብቻ አውጥቼ ግቡ ትይኛለሽ? ከደባርቅ የመጣሁት ለዚህ ነው?"

የደባርቆቹ ሽማግሌ አያ ደርሰህም ተቆጥተዋል፤ ግን እኛ እንደፈራነው አልነበረም። "ይህ ለእኛም ነውር ነው" አሉ በትራቸውን መሬት ላይ እየወጉ። "ሰው ምን ይለናል? ደባርቆች የተጣለች ልጅ አነሱ ሊባል ነው? ሳንለምን የገባንበት ቤት ታይቶ አይታወቅም።"

"አያ፣ ታዲያ ምን ይሁን ይላሉ?" አለች እታበባ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

"ምን ይሆናል፤ እንወጣለን። እንደገና ትይዙናላችሁ።"

እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሰርገኛው ሁሉ፣ ሚዜው፣ ካሜራ ያዡ፣ ሁለት ቄስ፣ አንዲት ልጅ ያዘለች እናት፣ "ይቅርታ፣ እለፊ፣ አንቺ ቅደሚ" እየተባባሉ ከገቡበት በር ተራ ይዘው ወጡ። ጎንደር ላይ ያጣሁት ሰልፍ እዚያ ነበር ለካ። ሙሽራው እየወጣ ሳለ አንዷ ሴት ከዳቦው ቆርሳ ሰጠችው፤ አያ ደርሰህ ነጠቁትና "ገና አልገባህም!" አሉት።

በሩ ተዘጋ። እታበባ መጣችና አጠገቤ ቆመች። አልተቆጣችም። "የሽዬ፣ ሲያንኳኩ ምን ይታይሻል?" አለችኝ።

"የሚቆጣ ሰው።"

"እዚህ የሚያንኳኳው እኮ የፈለገን ሰው ነው።"

ይህን ብላ ወደ ወጧ ሄደች። እኔ ደግሞ እንደ ነጋዴ አሰብኩት። ሱቄ ውስጥ ገዢ ጠረጴዛዬን ሲደበድብ ዋጋ ቀንሼ አውቃለሁ? አላውቅም። ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው መግዛት የፈለገ ሰው ነው፤ ያልፈለገውማ ዝም ብሎ ይወጣል። ታዲያ እጄ ከእኔ ምን ለየው?

ውጭ ሙሉ ጀመረች። እኔም ጀመርኩ። ገና ምቱ ውስጥ ከመግባታችን ኳ! ኳ! ኳ!፤ ሚዜው ነገር ገብቶታል መሰለኝ እንደ ውሻ በደወል ሊያለማምደኝ ነው። እጄ ደነገጠ። ግማሽ ምት ሳተ። ሴቶቼ በዓይናቸው ያዙኝ። በሚቀጥለው ኳ ኳ ግን አልጠበቅኩትም፤ ከኋላው ገባሁ። እሱ ቆርቆሮውን ሲመታ እኔ ቆዳውን እላዩ ላይ እመታለሁ፤ ልክ ከውጭ በኩል ሦስተኛ እጅ የተቀጠረልኝ ይመስል። ልጁ ግራ ገባውና ፈጠነ፤ ፈጠንኩ። ቀነሰ፤ ቀነስኩ። ለእኔ እየመታልኝ መሆኑን ሳያውቅ ይደበድባል። ያኔ ድምፄን ከፈትኩት፦

አንኳኩ አንኳኩ እስኪደክም ክንዳችሁ፣
በሩም እጄም ዛሬ አይሰማም ቃላችሁ።

እናንተ ሆይ፣ እልልታው! አጥሩ ላይ የነበሩት ልጆች ወደቁ። መዳፌ እሳት ሆኗል፤ ክንዴ ከትከሻዬ የተለየ ፍጥረት ነው፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ የምስቀው ደግሞ እንደ እብድ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ትራስ ላይ የመታሁት ምት፣ ማክሰኞ ጠዋት የተቀጠረልኝ ምት፣ ሁሉም አንድ ላይ ወጣ። ሙሉ ከውጭ "እሰይ! እሰይ የእኔ እህት!" ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ ትሰድበኛለች። ሽቶው በበሩ ስንጥቅ ይረጫል። አያ ደርሰህ ሲለምኑ ድምፃቸው ይሰማል፤ ሲለምኑ እንዲህ ደስ የሚላቸው ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። ፀሐይዋ ከዳሱ ወዲያኛው ጎን ዞረች፤ እኛ አልቆምንም።

በመጨረሻ ነጠላዬን የሚጎትት እጅ ተሰማኝ። ዞር ብል ሙሽራዋ ራሷ ናት፤ ከጓዳ አምልጣ መጥታ።

"አክስቴ፣ በቃ ክፈቺላቸው።"

"ገና ነው!"

"ጫማው እግሬን ላጠኝ።"

"አውልቂዋ!"

ሳቀች፤ ከዚያ ጆሮዬ ሥር ሆና "አክስቴ፣ ተይዣለሁ፤ ሁሉም ሰምቷል። አሁን ልሂድ" አለችኝ።

እጄ ለምን እንዳልቆመ ያኔ ነው የገባኝ። በሩ ካልተከፈተ ልጅቱ አትሄድም። ቀይ መዳፏን አየሁት። ትንሽ ቆይቼ፣ አንድ ሙሉ ዙር መትቼ፣ እኔ ራሴ፣ ወድጄ፣ አቆምኩ።

ደባርቆቹ እንደ ጎርፍ ገቡ። ሙሽራው በዚህ ጊዜ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር። ሙሉ ልታቅፈኝ ሮጣ መጣች፤ ሁለታችንም ከበሮ አንግተን ስለነበር ሆድ ለሆድ ተጋጨንና መድረስ አቃተን። አንገታችንን አስግገን እንደ ሁለት ዝይ ተሳሳምን። "መጪው እሁድ ኮሶዬ ሰርግ አለ" አለችኝ ትንፋሿ ሳይመለስ። "በዚህኛው ከእኔ ጋር ነሽ። ከውጭ።" እሺ ማለቴን ከሌሎች ነው የሰማሁት።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጬ እጄን የሞቀ የጨው ውሃ ውስጥ ነክሬ ሳለ ሣራ ደወለች። እታበባ ስልኩን ይዛልኝ ነው የማወራው።

"ማማ፣ አንዱ የለቀቀውን ቪዲዮ አየሁት።"

"የትኛውን? የመጀመሪያውን እንዳይሆን።"

"ሁለተኛውን። ማማ... ከበሮው እንዲህ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር።"

"እኔም ረስቼው ነበር ልጄ።"

"ሱቁን እኔ እከፍታለሁ፣ አትቸኩዪ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለእኔም በር ትይዢልኛለሽ?"

ልቤ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። "ሣርዬ፣ የእኛ ሕንፃ በር እኮ ቁልፍ ሲጫኑት በራሱ ነው የሚከፈተው። ደግሞስ ፍራንክፈርት ላይ ከውጭ ቆሞ የሚለምን፣ ቢገባ እንኳ ተመልሶ የሚወጣ ሰው ከየት ይመጣል?"

"ማርቲን ይቆማል" አለች።

"ማርቲን ማነው?"

እጄን ከውሃው አወጣሁ።

"ሣራ! ማርቲን ማነው?"

ኔትወርኩ ሄደ። የደባት ኔትወርክ ሲሄድ እንደ ስደተኛ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። እታበባ ስልኩን አራገፈችው፣ ወደ ሰማይ አነሳችው፣ ምንም የለም። ከግቢው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ አንዳንዴ ይገኛል አሉኝ። እነሆ ያበጠ እጄን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጉብታው ጫፍ ላይ፣ ነፋሱ ውስጥ ቆሜአለሁ። ስልኩን ከፍ አደርገዋለሁ፣ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ወደ ጎንደር አዞረዋለሁ፣ ወደ ደባርቅ አዞረዋለሁ። ደጋግሜ እደውላለሁ።